አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፦ ከካራንቲና ስም ተነሥተን ስለ ሕዋስ መከፈል እንማር



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው ርእስ መጀመሪያ ሲሰሙት ከሥራ ቤታችን የራቀ ይመስላል። ርእሱ «ሕያው ሕዋስ እንዴት ይከፈላል? በውስጡ የተጻፈውንስ እንዴት ይገለብጣል?» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በየቀኑ የምንኖረው ነው። ከምሳ የተረፈ ሩዝ ለምን እንደሚያሳምም፣ የሳንባ ነቀርሳ ክኒን ለምን ለወራት እንደሚዋጥ፣ በክሎሮክስ የተላጠ እጅ እንዴት እንደሚሽር፣ አገር ቤት ያለች ልጃችን ለምን የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት እንደሚያስፈልጋት የሚያስረዳን ይኸው ትምህርት ነው። ስለዚህ ትምህርታችሁን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጣችሁም፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሳችሁም አብራችሁን ተከተሉ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

ካራንቲና ማለት ምን ማለት ነው?

ጅዳ የኖረ ሐበሻ ሁሉ የካራንቲናን ስም ያውቃል። በከተማዋ ደቡብ፣ በወደቡ በኩል በነበረው በዚህ ሰፈር ኢቃማ ያለውም የሌለውም ወገናችን በየዘመኑ ተጠግቶበታል። በ2021 እና በ2022 በጅዳ ብዙ የቆዩ ሰፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ተበትኗል፤ ስሙ ግን ከአፋችን አልጠፋም።

ቃሉ የመጣው ከጣልያን ነው። በጣልያንኛ «ኳራንታ» ማለት አርባ ማለት ነው። በ1377 ራጉሳ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ (ዛሬ ክሮኤሽያ ውስጥ ዱብሮቭኒክ የምትባለው) ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሰው ወደ ከተማ ከመግባቱ በፊት 30 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። ኋላ ቀኑ ወደ 40 ከፍ አለ፤ ስሙም «የአርባ ቀን ቆይታ» ሆኖ ቀረ። አርባ ቀን ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጌታችን የጾመው አርባ ቀን ነው፤ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ ያረፈ ወገናችንንም በአርባው እናስባለን። የዚያ ዘመን ሰዎች አርባን የመረጡት በሽታው በስንት ቀን እንደሚገለጥ ለክተው አልነበረም። በሽታን የሚያመጣውን ነገር ገና በዓይኑ ያየ አልነበረምና።

የጅዳው ካራንቲናም ስሙን ያገኘው በባሕር የሚመጡ ሐጃጆች ለጤና ምርመራ ይቆዩበት ከነበረው ማቆያ ነው። እንዲህ ያለው ማቆያ በቀይ ባሕር ዙሪያ የበዛው በከባድ መከራ ምክንያት ነው። በ1865 በመካ በሐጅ ወቅት ኮሌራ ተነሥቶ ወደ 15,000 የሚገመት ሰው ሞተ። የተረፉት በመርከብ ሲመለሱ በሽታው በስዊዝና በእስክንድርያ አልፎ አውሮፓ ገባ። በእኛም አገር በ1866 በጣና ሐይቅ ዳርቻ በሰፈረው በአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት መካከል ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው አልቋል። በዚያው ዓመት መንግሥታት በቁስጥንጥንያ ተሰብስበው በሐጅ መንገድ ላይ ማቆያ እንዲኖር ተወያዩ። ከዚህ የተነሣ በቀይ ባሕር በካማራን ደሴትና በሲና ምድር በኤል ጦር የታወቁ ማቆያዎች ተሠሩ።

በ1905 በኤል ጦር ማቆያ የሚሠራ ጎትሽሊክ የሚባል ሐኪም ከመካ በተመለሱ ሐጃጆች አስከሬን ውስጥ አንድ ዓይነት የኮሌራ ባክቴሪያ አገኘ። ባክቴሪያው እስከ ዛሬ «ኤል ጦር» በሚለው ስም ይጠራል። ከ1961 ጀምሮ ዓለምን የዞረው፣ በ1970ም አፍሪካ ደርሶ ኢትዮጵያን የነካው ኮሌራ ይኸው ዓይነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳይንቲስቶች የኮሌራ ባክቴሪያ ሰው ሆድ ከገባ በኋላ በሽታው ከጥቂት ሰዓታት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ እንደሚገለጥ አወቁ። በመሆኑም ለኮሌራ አርባው ቀን ወደ አምስት ወረደ። እነዚህ ቀናት የሚቆጥሩት ባክቴሪያው አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ሰውን ለመጣል እስኪበቃ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው። የማቆያ ቀን ማለት እንግዲህ የሕዋስ መከፈያ ሰዓት ማለት ነው።

ሕዋስ ምንድን ነው?

ቤት በብሎኬት እንደሚሠራ፣ ሕያው ነገር ሁሉ የተሠራው በሕዋስ ነው። ልዩነቱ ብሎኬት የሞተ ነው፤ ሕዋስ ግን ራሱ ሕይወት አለው፤ ይመገባል፣ ቆሻሻውን ያስወጣል፣ ይከፈላል። ባክቴሪያ ማለት አንድ ሕዋስ ብቻውን ሲኖር ነው። የሰው አካል ደግሞ ከ30 ትሪሊዮን በላይ ሕዋሳት አሉት።

አንዱን ሕዋስ እንደምንሠራበት ቤት እንየው። ውጪያዊው ስስ ሽፋን በርና ግድግዳው ነው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ይለያል። በውስጡ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡ ክፍሎች አሉ፤ እነርሱ ወጥ ቤቱ ናቸው። በመካከል የተቆለፈ ቁም ሣጥን የመሰለ ክፍል አለ፤ ይህ ኒውክለስ ይባላል። በቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሀብት አንድ የሙያ መጽሐፍ ነው። ደም እንዴት እንደሚሠራ፣ ፀጉር ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ ስኳር እንዴት እንደሚፈጭ የሚያዘው ሁሉ በዚህ መጽሐፍ ተጽፏል። መጽሐፉ ዲ ኤን ኤ ይባላል። በባክቴሪያ ግን ቁም ሣጥን የለም፤ መጽሐፉ ቤቱ መካከል ተቀምጧል።

የሰው መጽሐፍ በ46 ጥራዞች የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ጥራዝ ክሮሞሶም ይባላል። ከእናት 23፣ ከአባት 23 እንወርሳለን። ከአንድ ወላጅ የመጣው ብቻ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል አለው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ክር ሁሉ ቢዘረጋና ቢቀጣጠል ወደ 2 ሜትር ይደርሳል። ይህን ሁሉ በዓይን በማይታይ ክፍል ውስጥ አጥፎ ማስቀመጥ፣ የትልቅ ቤት አንሶላ ሁሉ በአንድ ትንሽ መሳቢያ ከማጠፍ ይልቅ ይደንቃል። የፈጣሪ ጥበብ በትልቁ ሰማይ ብቻ ሳይሆን በዚህ ትንሽ ነገርም እንደሚታይ ልብ እንበል።

ቅጂው እንዴት ይሠራል?

ግእዝ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ፊደላት አሉት። የሕዋስ መጽሐፍ ግን የተጻፈው በአራት ፊደላት ብቻ ነው፤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ተብለው ይጠራሉ። እነዚህ የኬሚካሎች ስም አጠራር ናቸው። ክሩ ድርብ ነው፤ እንደ ዚፕ ሁለት ረድፍ ጥርስ አለው። አንዱ ረድፍ ላይ ያለው ጥርስ በሌላው ረድፍ የሚገጥመው ከአንድ ጓደኛው ጋር ብቻ ነው። ኤ ሁልጊዜ ከቲ ጋር፣ ጂ ሁልጊዜ ከሲ ጋር ይገጥማል። ይህን የድርብ ክር ቅርጽ ዋትሰንና ክሪክ የሚባሉ ሳይንቲስቶች በ1953 ለዓለም አሳወቁ። ለዚህም ያበቃቸው ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የምትባል ሴት ሳይንቲስት ባለችበት ቤተ ሙከራ በኤክስሬይ የተነሣ ፎቶግራፍ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

የመገልበጡ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ሕዋሱ ሊከፈል ሲዘጋጅ ዚፑ ይከፈታል፤ ሁለቱ ረድፍ ይለያያል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ረድፍ በዙሪያው ከተበተኑት ፊደላት የሚገጥመው ጓደኛ እየተመረጠ ይገባለታል። ሲያልቅ ሁለት ሙሉ ዚፕ ይሆናል። እያንዳንዱ አዲስ ዚፕ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ነው። ይህንንም ሜሰልሰንና ስታል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1958 በባክቴሪያ ላይ ሞክረው አረጋግጠዋል።

እስቲ እኛም እንሞክረው። እስክሪብቶ አንሡና ይህን ረድፍ ጻፉ፦

ኤ – ሲ – ጂ – ቲ – ቲ – ኤ – ሲ

ከሥሩ ለእያንዳንዱ የሚገጥመውን ፊደል ጻፉ። መልሱን በመጨረሻ ታገኙታላችሁ።

ፊደላቱን የሚያገጣጥመው ሠራተኛ ፈጣን ነው፤ የተሳሳተ ፊደል ሲያስገባም ወደ ኋላ ተመልሶ ያርማል። ከእርሱ በኋላ ደግሞ ሌሎች አራሚዎች ያልፉበታል። በዚህ ሁሉ እርማት ምክንያት ሳይታረም የሚቀረው ስሕተት ከቢሊዮን ፊደል አንድ ገደማ፣ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው።

አንድ ፊደል ምን ያደርጋል?

አንዳንድ ጊዜ አንድ ፊደል ብዙ ያደርጋል። በሳዑዲ ቤቶች ልጅ የምትይዙ እኅቶች፣ በተለይም በጂዛንና በምሥራቁ ክፍል ያላችሁ፣ «ሲክል ሴል» ወይም በዓረብኛ «አኒሚያ ሚንጀሊያ» የሚባል በሽታ ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ በሽታ የሚመጣው የደምን ቀይ ነገር በሚያዘው ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ቦታ በኤ ፈንታ ቲ በመግባቱ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ክብነቱን ትቶ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፤ በቀጭን የደም ሥር ላይ ይዘጋል፤ ሕፃኑም በሕመም ይጮኻል። በሽታው የሚይዘው ስሕተቱን ከእናትም ከአባትም የወረሰውን ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ተጋቢዎች ከኒካሕ በፊት የደም ምርመራ እንዲያደርጉ ከ2004 ጀምሮ ግዴታ የሆነው ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የምትይዝ እኅት ውኃ ቶሎ ቶሎ ትስጠው፤ ኤሲ እንዳይበርድበት ትጠንቀቅ፤ ትኩሳት ካየች ሳትዘገይ ለወላጆቹ ትንገር።

የሰው ሕዋስ ሲከፈል

ቅጂው ካለቀ በኋላ መከፈሉ ይቀጥላል። ለመንታ ልጆች ልብስ የምታካፍል ሠራተኛ አስቡ። ከእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ሁለት አለ፤ አንዱ ልጅ ሁለት ሸሚዝ፣ ሌላው ሁለት ሱሪ ቢደርሰው ሥራው ተበላሸ። ለየአንዳንዳቸው ከሁሉም ዓይነት አንድ አንድ መድረስ አለበት። ሕዋስም 46ቱን ጥራዞች እንዲህ ነው የሚያካፍለው፦

በመጀመሪያ የተዘረጋው ክር ይጠቀለላል፤ ይወፍራል። እያንዳንዱ ጥራዝ ከቅጂው ጋር ወገቡ ላይ ተያይዞ ይታያል።

ሁለተኛ፣ የቁም ሣጥኑ ግድግዳ ይፈርሳል።

ሦስተኛ፣ ከሕዋሱ ሁለት ጫፍ ቀጫጭን ገመዶች ተዘርግተው እያንዳንዱን ጥራዝና ቅጂውን ከሁለት ወገን ይይዛሉ፤ ጥራዞቹም በሕዋሱ መካከል በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ሁሉም በትክክል መያዙ ሳይረጋገጥ ጉተታው አይጀመርም።

አራተኛ፣ ገመዶቹ ይስባሉ፤ ጥራዙ ወደ አንዱ ጫፍ፣ ቅጂው ወደ ሌላው ይሄዳል።

አምስተኛ፣ በሁለቱም ጫፍ አዲስ ቁም ሣጥን ይሠራል፤ ሕዋሱም እንደ ሊጥ መሐሉ ተጠምዝዞ ሁለት ይሆናል።

ቶሎ ቶሎ በሚከፈል የሰው ሕዋስ ይህ ሁሉ፣ ከዝግጅቱ ጋር፣ አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። ክፍፍሉ ራሱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የቀረው ጊዜ ለማደግ፣ ለመገልበጥና ለመመርመር ይውላል። ሁላችንም በእናታችን ማኅፀን የጀመርነው አንድ ሕዋስ ሆነን ነው። አንዱ ሕዋስ 45 ጊዜ ቢያጥፍ ቁጥሩ ከ35 ትሪሊዮን ይበልጣል።

ካደግንም በኋላ ክፍፍሉ አያቆምም። የአጥንታችን መቅኔ በየሰከንዱ ወደ ሁለት ሚሊዮን ቀይ የደም ሕዋስ ያወጣል። የአንጀት ውስጠኛው ሽፋን በጥቂት ቀናት ይታደሳል። የቆዳችን ላይኛው ሽፋንም በአንድ ወር ገደማ ይለወጣል፤ ከሥር ያሉት ሕዋሳት እየተከፈሉ አዲሶቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። እጃችሁ በክሎሮክስ ሲላጥ የሚሽረው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ካቃጠላችሁት የሥሩ ሕዋሳት ለመተካት ጊዜ አያገኙም። ጓንት ጠይቁ፤ ካልተገኘ ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውኃ ታጥባችሁ ቫዝሊን ተቀቡ። ክሎሮክስንና የመጸዳጃ ቤት አሲድን ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉ፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ሊገድልም ይችላል። የነርቭና የልብ ጡንቻ ሕዋሳት እንደ ቆዳ አይታደሱም ማለት ይቻላል። የደረት መጨነቅ ወይም የፊትና የእጅ መስነፍ «ይሻለኛል» ተብሎ የማይተኛበት ለዚህ ነው።

ሩዙ ለምን ያሳምማል?

የባክቴሪያ ክፍፍል ከእኛ ይልቅ ቀላል ነው። መጽሐፉን ይገለብጣል፣ ይረዝማል፣ መሐሉ ላይ ይቆረጣል፤ በቃ። ምግብና ሙቀት ከተመቸው አንዳንዱ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ይከፈላል። በሐበሻ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ምሳ ተበልቶ ትሪው ወጥ ቤት ቀረ እንበል። አንድ ባክቴሪያ ብቻ አርፎበታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ 8 ይሆናል። ከሁለት ሰዓት በኋላ 64። ከሦስት ሰዓት በኋላ 512። ከአራት ሰዓት በኋላ 4,096። ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ እናንተ ሥራ ጨርሳችሁ ለመብላት ስትቀመጡ፣ ሒሳቡ 16,777,216 ደርሷል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ የመሰለው በመጨረሻ እንዴት እንደ ጎርፍ እንደሚሆን ተመልከቱ።

«አሙቄ እበላዋለሁ» ማለት ሁልጊዜ አይበቃም። በሩዝ ላይ የሚራቡ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተፉት መርዝ ምግቡ ዳግመኛ ቢሞቅም አይጠፋም። ስለዚህ የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ፤ ወጥ ቤቱ እጅግ ሞቃት ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። የእናንተን ድርሻ ገና ትኩስ ሳለ በንጹሕ ዕቃ ለይታችሁ ፍሪጅ አግቡ። ማዳም ምክንያቱን ብትጠይቅ ይህን ሒሳብ ንገሯት፤ ለልጆቿም የሚጠቅም ነውና። ፍሪጅ ባክቴሪያን አይገድልም፤ መከፈሉን ግን እጅግ ያዘገየዋል። ውኃ የሚመስል ብዙ ተቅማጥ ከያዛችሁ ደግሞ የጠፋውን ውኃ ወዲያው በሕይወት አድን ንጥረ ነገር መተካትና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል፤ ኮሌራ የሚገድለው ሰውነትን በማድረቅ ነው።

የቲቢ መድኃኒት ለምን ወራት ይፈጃል?

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደምንጨነቅበት ነገር ደረስን። ሮበርት ኮህ የተባለ የጀርመን ሐኪም የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያገኘው በ1882 ነው። ይህ ባክቴሪያ ዝግተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ለመከፈል አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። አንዳንዱም ጭራሽ ሳይከፈል ተኝቶ ይቆያል። መድኃኒት ቶሎ የሚይዘው በሥራ ላይ ያለውን፣ የሚከፈለውን ነው። የተኛው ሲነቃ መድኃኒቱ ደጃፉ ላይ መቆየት አለበት። ሕክምናው በአብዛኛው ስድስት ወር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ አራት ወር ደግሞ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል።

አንድ መድኃኒት ለምን አይበቃም? መልሱ የመገልበጥ ስሕተት ነው። በግምት ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ አንዱ፣ በመገልበጥ ስሕተት ምክንያት፣ አይሶኒያዚድ የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋም ሆኖ ይገኛል። ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመው ከመቶ ሚሊዮን አንድ ያህል ነው። በታመመ ሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ሊኖር ስለሚችል አንድ መድኃኒት ብቻ ከተወሰደ የሚተርፍ አይጠፋም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ግን እጅግ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከመቶ ትሪሊዮን አንድ ማለት ነው። አንድ ቁልፍ የሚከፍት ሌባ ይገኛል፤ ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ የሚከፍት ግን አይገኝም እንደማለት ነው።

እንግዲህ በሁለተኛው ወር ሳሉ ቆም፣ ሥራ, ትራት, ክብደት ተመለሰ፣ ሳልም ጠፋ ብሎ ክኒኑን መጣል ምን ማለት እንደሆነ አስቡ። ደካሞቹ ሞተዋል፤ የቀሩት ብርቱዎቹ ናቸው። ነገ የሚከፈሉት እነርሱ ናቸው፤ ቅጂያቸውም ብርታታቸውን ይወርሳል። መድኃኒት የተላመደው ቲቢ እንዲህ ይወለዳል፤ ሕክምናውም ይበልጥ ከባድና ውድ ነው። በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ቲቢ ሕክምና የተጀመረው በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው።

የእኛ ሴቶች መድኃኒት የሚያቋርጡት በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ሥራ እንዳላጣ ብላ የምትደብቅ አለች። ከቤት ቤት ስትቀይር ክኒኗ የቀረባት አለች። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ እንደታየው፣ ሳይዘጋጁ በድንገት ወደ አገር መሸኘትም አለ። ስለዚህ ይህን እንመክራለን፦ የመድኃኒታችሁን ስምና የጀመራችሁበትን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርት ቅጂያችሁ ጋር ያዙ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት። ኢትዮጵያ ስትደርሱ በቅርብ ወዳለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የቲቢ ሕክምና እዚያ በነጻ ይሰጣል። ሪፋምፒሲን ሽንትንና ዕንባን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ አትደንግጡ። የእርግዝና መከላከያ ክኒንን ግን ያደክማልና ለሐኪም ንገሩ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ያላት ደግሞ ሳትፈራ ትመርመር።

«ጸበል እጠመቃለሁ፤ ክኒኑን ልተው?» ለሚሉ እኅቶች መልሳችን አጭር ነው፤ አትተዉ። በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ አስተምረዋል። ለቲቢም ያው ነው። ጸበሉም የእግዚአብሔር ነው፤ ለሐኪሙ ጥበብን የሰጠም እርሱ ነው።

ሕዋስ ፍሬኑ ሲበላሽ

ሕዋሶቻችን መከፈልን ብቻ ሳይሆን ማቆምንም ያውቃሉ። ቁስሉ ሲገጥም ክፍፍሉ ጋብ ይላል። የሚያቆመው ፍሬን ሲበላሽ ግን ሕዋሱ ያለ ልክ ይከፈላል፤ ይህ ካንሰር ነው። የማኅፀን በር ካንሰር በአብዛኛው የሚመጣው ኤች ፒ ቪ ከሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ፍሬኖቹን ከሥራ ውጪ ያደርጋል። ይህን ግንኙነት ያሳየው ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ብዙ ጊዜ ከቫይረሱ እስከ ካንሰሩ ከአሥር ዓመት በላይ ያልፋል። ስለዚህ በጊዜ ከተመረመሩ ሕዋሳቱ ገና መለወጥ ሲጀምሩ ማስወገድ ይቻላል።

ኢትዮጵያ የኤች ፒ ቪ ክትባትን በታኅሣሥ 2018 በ14 ዓመት ልጃገረዶች ጀምራለች። ለእናታችሁ ወይም ለእኅታችሁ ስትደውሉ ስለ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን «ልጄ ተከትባለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ለዕረፍት አገር ስትገቡ፣ በተለይ 30 ዓመት ካለፋችሁ፣ በጤና ጣቢያ የማኅፀን በር ምርመራ ጠይቁ። ከወር አበባ ውጪ ደም ካያችሁ ወይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ከመጣ፣ ዕረፍት እስኪደርስ አትጠብቁ።

ለመወያያ

እኅቶች፣ ዓርብ ወይም ሌላ የዕረፍት ቀን ስትገናኙ በእነዚህ ላይ ተወያዩ፦

1. ለኮሌራ የማቆያው ቀን ከአርባ ወደ አምስት የወረደው ለምንድን ነው?
2. አንድ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው ቢከፈል ከአምስት ሰዓት በኋላ ስንት ይሆናል?
3. በቲቢ ሕክምና ሳልዋ የጠፋላት ጓደኛችሁ «ድኛለሁ» ብላ መድኃኒቷን ልትተው ብትል፣ ስለ መገልበጥ ስሕተት የተማራችሁትን ተጠቅማችሁ እንዴት ታስረዷታላችሁ?
4. ከቤት ቤት ስትቀይሩ ይዛችሁ የምትወጡት የጤና ወረቀት ምን ምን ሊኖርበት ይገባል?

የመልመጃው መልስ፦ ቲ – ጂ – ሲ – ኤ – ኤ – ቲ – ጂ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ፦ 32,768።

ጤናችሁን የሚጠብቅ አምላክ በምትሠሩበት ቤት ሁሉ ሞገስ ይስጣችሁ፤ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።